አልሐምዱሊላህን «አንድ» ብዬ ከበብኩት

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኳትም። እናቴም ሳትሰማው ሞተች። የንስሐ አባቴ ጭሮ ከተማ እቤታችን በመጡ ቁጥር ጾም መሻሬን፣ ሰው ማማቴን፣ አንድ ጊዜ በሐሰት መማሌን ሳይቀር ዘርዝሬላቸዋለሁ። እዚህኛው ላይ ስደርስ ግን ጉሮሮዬን ጠራርጌ «ሌላ የለም አባ» እላለሁ። ለራሴ የምሰጠው ምክንያት የኃጢአቱን ስም አላውቀውም የሚል ነው። ስርቆት አይደለም፤ የማንንም ዕቃ አልነካሁም። ነፍስ መግደልም አይደለም፣ እስከማውቀው ድረስ። እኔ ያደረግሁት በእስክሪብቶ ቁጥር መክበብ ነው። «አንድ» የሚለውን ቁጥር ከበብኩ። ቁጥር ለከበበ ሰው ስንት ስግደት ይታዘዝለታል? ይህን አባን መጠየቅ አፍሬ ይኸው ስንት ዓመት።

እርስዎን ግን አላውቅዎትም፤ እርስዎም አያውቁኝም። ስለዚህ ለእርስዎ ልናዘዝ። ስሜን አልጽፍም፣ የቀበሌዋንም ስም አልጠራም። ይህን የማደርገው ለጥንቃቄ ነው ብል ሌላ ውሸት ይሆንብኛል። ፈርቼ ነው።

ያኔ ዲግሪዬን ይዤ ተመልሼ፣ ጭሮ መንገድ ዳር ቆሜ የሚያልፍ መኪና ስቆጥር የምውል ጎረምሳ ነበርኩ። አንድ ጥናት መጣ ተባለና መረጃ ሰብሳቢ ሆኜ ተቀጠርኩ። ጥናቱ የአየር ንብረት ለውጥ በምዕራብ ሐረርጌ ቆላ የሚኖረውን ሕዝብ ምን ያህል እንደጎዳው፣ ከቀበሌዎቹም የትኛው ይበልጥ ተጋላጭ እንደሆነ የሚለይ ነበር። ይበልጥ ተጋላጭ ሆኖ ለተገኘው ቀበሌ ቢርካ ይሠራለታል፤ መሬት ተቆፍሮ በሲሚንቶ የሚለሰን፣ የዝናብ ውሃ የሚያጠራቅም ትልቅ ጉድጓድ ማለት ነው። ይህን በሥልጠናው የመጀመሪያ ቀን ነግረውናል። እዚያ ነበርኩ፣ ሰምቻለሁ፣ ማስታወሻ ደብተሬ ላይም ጽፌዋለሁ። «አላወቅሁም ነበር» የምትለዋን በር እኔ ራሴ ከመጀመሪያው ልዝጋት።

የተመረጥኩት በምላሴ ነው። እቤት አማርኛ ሲነገር ባድግም፣ ከሰፈር ልጆች ጋር ኳስ ስራገጥ የተማርኩት አፋን ኦሮሞ ከአማርኛዬ አይተናነስም። ከአዲስ አበባ የመጡት ልጆች አስተርጓሚ ሲፈልጉ እኔ ቁጭ ብዬ እስቅባቸው ነበር። አሠልጣኛችን ሁለት ነገር ደጋግሞ ነገረን። አንደኛው፣ መልስ ሰጪው ያለውን ብቻ ክበቡ፣ ከራሳችሁ አትጨምሩ የሚል ነው። ሁለተኛው፣ የመጀመሪያውን መልስ አትመኑት፣ ቆፍሩ የሚል ነው። ሁለተኛው ለእኔ አዲስ ነገር አልነበረም።

በእኛ አገር ችግር በመጀመሪያው ጥያቄ አይነገርም። ሰላምታ አለ፤ ስለ ልጆች፣ ስለ ከብት፣ ስለ ጎረቤት ይጠየቃል፤ ለሁሉም የሚመለሰው ምስጋና ነው። ሙስሊሙ አልሐምዱሊላህ ይላል፣ ክርስቲያኑ እግዚአብሔር ይመስገን ይላል። እንግዳው ተቀምጦ፣ ጥላው ሥር ትንሽ ቆይቶ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ሲጠይቅ ነው እውነቱ ቀስ ብሎ የሚወጣው። አባቴ አልጋ ላይ በዋለበት ዓመት እናቴ ደጃፍ ላይ ቆማ «ተመስገን፣ ምን ጎደለብን» ስትል ሰምቻታለሁ። ጎረቤቷን ሸኝታ ስትገባ የዱቄቱን ጣሳ ታች በእጇ ስትጠርግም አይቻታለሁ። ስለዚህ ያ ቃል ምን እንደሚሸፍን አውቃለሁ። ከአዲስ አበባ የመጣው ልጅ ቢሳሳት ይታዘንለታል። ለእኔ ምን ይባልልኛል?

ቀኑ ቅዳሜ ነበር። ከሰዓት በኋላ ጭሮ ኳስ ይታያል። ምክንያቱ ይኸው ነው፤ ሌላ ምክንያት ቢኖረኝ ደስ ባለኝ። አልታመምኩም፣ ማንም አላስገደደኝም፣ ቀበሌዋ ያለችበት የቦርደዴ ቆላ ሙቀትም ቢሆን አዲስ አልሆነብኝም። ጓደኞቼ ቦታ ይዘውልኝ ነበር፤ ሚኒባሱ ካመለጠኝ የመጀመሪያው አጋማሽ ያልፈኛል። የተመደቡልኝ አሥራ አራት ቤቶች ነበሩ።

የመጀመሪያው ቤት የአዴ ሙሚና ነበር፤ በአፋን ኦሮሞ ወይዘሮ እንደማለት አዴ እንላለን። ባላቸው ከብቶቹን ይዘው ውሃና ሣር ፍለጋ ከሄዱ ሰንብተዋል፤ እቤት የቀሩት እሳቸውና ኢፍቱ የምትባል የአሥራ ሁለት ዓመት ልጃቸው ናቸው። ግራሩ ሥር ሰሌን አነጠፉልኝ። ሳልጠይቅ ውሃ አመጡልኝ። ከጄሪካን ወደ ኩባያ ሲገለብጡት በሻሻቸው ጫፍ አጠለሉት። እንዲያም ሆኖ ወተት የነካው ሻይ ይመስል ነበር። ጠጣሁት። አፌ ውስጥ አሸዋ ቀረ። ከዚያ ኩባያውን አስቀምጬ፣ ከንፈሬን ጠርጌ፣ ቅጹን አወጣሁና ጠየቅሁ።

«አዴ፣ ውሃችሁ እንዴት ነው? ይበቃችኋል?»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ።

አማራጮቹ አራት ነበሩ። አንድ፣ በቂ ነው። ሁለት፣ አልፎ አልፎ ያጥራል። ሦስት፣ ብዙ ጊዜ ያጥራል። አራት፣ የለም ማለት ይቻላል። አሸዋው ገና ጥርሴ ሥር ነበር። አንድን ከበብኩ።

ቆፍሩ ተብዬ አልነበር? አንድ ጥያቄ ብጨምር ምን ነበረበት? «የት ነው የምትቀዱት አዴ?» ብል ሰሌኑ ጫፍ ላይ ተቀምጠው የኩሬውን መድረቅ፣ የመንገዱን ርቀት፣ የሞቱትን ፍየሎች አንድ በአንድ ይነግሩኝ ነበር። እንደሚነግሩኝ አውቅ ነበር። ያልጠየቅሁትም ለዚሁ ነው። ከነገሩኝ መጻፍ ሊኖርብኝ ነው። ቅጹ ደግሞ «አንድ» ያለውን ሰው የሚቀጥሉትን ሦስት ገጾች ዝለል ይለዋል፤ ሌላ ቁጥር የከበበ ግን ሦስቱንም ገጽ መጠየቅ አለበት። ሦስት ገጽ ለመዝለል ብዬ ከበብኩ። በገዛ አፌ የጠጣሁትን ውሃ በገዛ እጄ ካድኩት።

ኢፍቱ ከኋላዬ ቆማ ታይ ነበር። የአማርኛ ፊደል አታነብም፤ ቁጥር ግን ታውቃለች። የከበብኩትን በጣቷ ነካችና ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀችኝ። «አንደኛ ማለት ነው» አልኳት፣ ለቀልድ ያህል። ፊቷ በራ። «አዮ፣ ቶኮፋ ባኔ» እያለች ወደ እናቷ ሮጠች፤ እማዬ፣ አንደኛ ወጣን ማለቷ ነው። አዴ ሙሚናም ሳቁ፤ እጃቸውን ዘርግተው መረቁኝ። ምርቃቱንም ተቀበልኩ።

ሁለተኛውና ሦስተኛው ቤትም አልሐምዱሊላህ አሉ። ከበብኩ። አራተኛው ቤት ሰው አልነበረም። ሰዓቴን አየሁና ተመልሼ አዴ ሙሚና ግራር ሥር ተቀመጥኩ። የቀሩትን ቤቶች ስም እየጠራሁ «እነሱስ እንዴት ናቸው?» እላለሁ፤ እሳቸውም ማሽላ እየለቀሙ «አልሐምዱሊላህ፣ ሰላም ናቸው» ይላሉ። የጎረቤት ደህንነት ለጠየቀ ሰው ሌላ ምን ይባላል? እኔ እያንዳንዷን ምስጋና አንድ እያልኩ ከበብኩ። አሥራ አራቱም አንድ ከሆኑ ተቆጣጣሪው ይጠረጥራል ብዬ ሦስቱ ላይ ሁለትን ከበብኩ። ይህቺን ልብ ይበሉልኝ። ስንፍና ብቻ ቢሆን ኖሮ ሁሉንም አንድ ብዬ እሄድ ነበር። እኔ ግን ውሸቱ እውነት እንዲመስል ተጨንቄ፣ አስቤ፣ ቤት መርጬ ነው የሠራሁት።

ሚኒባሱ ላይ ደረስኩ። ኳሱንም አየሁ። ማን እንዳሸነፈ ዛሬ አላስታውስም።

ከወራት በኋላ ውጤቱ ጭሮ አንድ አዳራሽ ውስጥ ቀረበ። ግድግዳው ላይ ካርታ ታየ፤ የተጎዱት ቀበሌዎች ቀይ፣ ደህና የተባሉት አረንጓዴ። በዚያ ሁሉ ቀይ መሃል እኔ የሄድኩባት ቀበሌ ብቻዋን አረንጓዴ ሆና ተቀምጣለች። ጥናቱን የምትመራው ሴት ብልህ ነበረች። ካርታውን ቆማ አየችና «ይቺ ቀበሌ ከጎረቤቶቿ በምን ተለየች? እዚያ የሄደው ማን ነው?» አለች።

ተነሣሁ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። «ቸኩዬ ነው፣ እንደገና ልሂድ» ማለት በቂ ነበር። ቢበዛ ቢቆጡኝ ነው፤ ቢበዛ ብባረር ነው። ከዚያ የሰፋ በር ከዚያ ወዲህ ተከፍቶልኝ አያውቅም። እኔ ግን «ሕዝቡ ተባብሮ ነው የሚኖረው» አልኩ። «ጠንካራ ሰዎች ናቸው፤ ችግር ቢመጣም ይቋቋሙታል።» ሴትየዋ ራሷን ነቀነቀችና ጻፈችው። ከዚያ ወዲህ ያቺ ቀበሌ «ከፍተኛ የመቋቋም አቅም ያላት» እየተባለች በየሪፖርቱ ገባች። አንዱ ሪፖርት ሌላውን ጠቀሰ፤ ያንንም ሌላው ጠቀሰው። ከአፌ ያመለጠች ዓረፍተ ነገር ጥናት ሆና ቀረች። ቢርካው ከደረቁ ወንዝ ማዶ ላለው ቀበሌ ተሠራ። ለእነሱ አይገባቸውም አልልም፤ እነሱም ተጠምተው ነበር።

የአዴ ሙሚና ቀበሌ ሽማግሌ ኦቦ ኡስማን ጭሮ ድረስ መጡ። እንዴት አድርገው ቤቴን እንዳገኙት አላውቅም። አቧራ የለበሰ ጫማቸውን ደጅ አውልቀው ገቡና እናቴ ያቀረበችላቸውን ወንበር ትተው መሬት ተቀመጡ። «ልጄ፣ ያንን ወረቀት ምን ብለህ ጻፍከው?» አሉኝ። ቁጣ አልነበረባቸውም። ለማወቅ ብቻ ነው የጠየቁት።

«እኔ የነገራችሁኝን ነው የጻፍኩት። የሚመርጠው ኮምፒውተሩ ነው» አልኳቸው።

«ኮምፒውተሩ እኛን አያውቀንም» አሉ። ቀጥለውም «እሺ፣ ረቢ ያውቀናል» ብለው ነገሩን ለፈጣሪ ሰጥተው ተነሡ። እናቴ ከሸኘቻቸው በኋላ ምን ፈልገው እንደመጡ ጠየቀችኝ። «ሰላም ሊሉኝ ነው» አልኳት። ዋሸኋት፤ ከዚያ ወዲህ የመጀመሪያውን ውሸት ለመሸፈን ሁለተኛውንም ተጠንቅቄ መያዝ ጀመርኩ።

ቅጾቼ ስርዝ ድልዝ የሌለባቸው ንጹሕ ሆነው ስለተገኙ ግን ተመሰገንኩ። በሚቀጥለው ጥናት ተቆጣጣሪ አደረጉኝ። ዛሬ የመረጃ ጥራት ባለሙያ ነኝ፤ እባክዎ ይሳቁ፣ እኔም ብችል እስቅ ነበር። አዳዲስ መረጃ ሰብሳቢዎች ፊት ቆሜ «የመጀመሪያውን መልስ አትመኑ፣ ቆፍሩ» እላለሁ። ሰብሳቢዎች እንዴት እንደሚያጭበረብሩ፣ ጥርጣሬ ለማጥፋት እንዴት ሁለት ሦስቱን እንደሚለውጡ በዝርዝር አስተምራለሁ። ጎበዝ አስተማሪ ነህ ይሉኛል። ምሳሌዎችህ ከመጽሐፍ የተቀዱ አይመስሉም ይሉኛል።

ልናገር ብዬ አልተነሣሁም አይበሉኝ። በመጀመሪያው ዓመት ብናገር የሚቀደደው አሥራ አራት ቅጽ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ካርታው ተጨመረበት። ከዚያ የሴትየዋ ስም፣ ከዚያ እነዚያ ሁሉ ሪፖርቶች፣ ከዚያ ሥራዬ፣ ከዚያ በሥራዬ የሚበሉ ልጆቼ። ዝም ባልኩ ቁጥር መናገር እየከበደ ሄደ። በር ማውጣት ረስቶ ዙሪያውን እንደገነባ ግንበኛ ውስጡ ቀርቻለሁ። በቦርደዴ ሳልፍ ሆን ብዬ ቀበሌዋ በማትታይበት በኩል ያለውን ወንበር እይዛለሁ። ግራሩ ከመንገድ አይታይም፤ እንዲያው ነው።

ከመጀመሪያው ጥናት ስድስት ዓመት በኋላ የክትትል ጥናት መጣ። የክትትል ጥናት ማለት ድሮ የተጠየቁት ቤቶች እንደገና ይጠየቁና ምን እንደተለወጠ ይታያል ማለት ነው። ወደዚያ ቀበሌ የተመደበው ሰብሳቢ ታመመ፤ ቋንቋውን የሚያውቅ ሌላ ሰው ስላልነበረ ተቆጣጣሪው እኔ ቅጹን ይዤ ገባሁ። አዴ ሙሚና ከሩቅ አወቁኝ። እዚያው ግራር ሥር ሰሌን አነጠፉልኝ። ሳልጠይቅ ውሃ አመጡልኝ። ውሃው ንጹሕ ነበር። ኩባያውን እስከ ታች አየሁት። እግዚአብሔር የእኔን ጥፋት በሌላ መንገድ አቃንቶት ይሆን አልኩ።

«ውሃው ከየት ነው አዴ?»

«ከማዶ ነው፣ ከቢርካው። አልሐምዱሊላህ። በፊት ተቸግረን ነበር ልጄ። የማዶ ሰዎች አይከለክሉም፣ ግን ቢርካው የነሱ ነው፣ መጀመሪያ እነሱ ይቀዳሉ። ተሰልፈን ውለን ባዶ ጄሪካን ይዘን እንመለሳለን። አሁን ረቢ ከፈተልን።»

«እንዴት ከፈተላችሁ?»

«ኢፍቱን እዚያ ዳርናት። ቤቷ ቢርካው አጠገብ ነው። ዘመድ ሆንን፤ ዘመድ ደግሞ ተራ አይጠብቅም።»

«ትምህርቷስ?» አልኩ።

ሻሻቸውን አስተካከሉ። «አንደኛ ነበር የምትወጣው» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ «አልሐምዱሊላህ» አሉ።

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆፍሬ ነበር። የወጣው ይኸው ነው።

ቅጹ «ችግሩን የተቋቋማችሁበት መንገድ» ብሎ ይጠይቃል። ከብት መሸጥ አለ፣ ምግብ መቀነስ አለ፣ ወደ ከተማ መሰደድ አለ። ልጅን ለውሃ መዳር የለም። መጨረሻው ላይ ግን «ሌላ፣ ይገለጽ» የምትል አንዲት ባዶ መስመር አለች። እስክሪብቶዬን መስመሯ ላይ አሳረፍኩ። እጄ ያን ጊዜ የከበበው እጅ ነው። እውነቱን ብጽፍ ጠያቂ ይመጣል፤ ከፍተኛ የመቋቋም አቅም ያላት ቀበሌ ለምን ልጇን ለውሃ ዳረች ይላል፤ የድሮውን ቅጽ ያወጣል፤ ታችኛው ጥግ ላይ የእኔን ፊርማ ያገኛል። ስለዚህ «ከአጎራባች ቀበሌ ጋር የዝምድና ትስስር በማጠናከር» ብዬ ጻፍኩ። ሐሰት የሆነ ቃል የለባትም። ያኔ በችኮላ ነበር የዋሸሁት፤ አሁን በሙያዬ ዋሸሁ። ዓረፍተ ነገሯ በሪፖርቱ ውስጥ በጎ ተሞክሮ ተብላ ታትማለች።

ስወጣ ኢፍቱን መንገድ ላይ አገኘኋት። ጄሪካን የጫነች አህያ እየነዳች ለእናቷ ውሃ ታመጣለች። እኔ አላወቅኋትም፤ እሷ ግን አወቀችኝ። አህያዋን አቆመችና ሳቀች።

«ዛሬስ ስንተኛ ወጣን?» አለችኝ።

እየቀለደች ይሁን እየከሰሰችኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሚኒባስ እንዳያመልጠኝ ነው ብዬ አለፍኳት። አሁንም ያው ሚኒባስ።

እርስዎን ይቅርታ አልጠይቅዎትም፤ የእርስዎን ውሃ አልወሰድኩም። ወጣት ነበርኩ አልልም፣ ሥርዓቱ ነው አልልም፣ ቅጹ ነው አልልም። ከበብኩ፤ እኔ ነኝ። ቦርደዴ ወርጄ አዴ ሙሚና ፊት ሁሉንም መናገር እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ ሚኒባሱ በየቀኑ ይሄዳል። ብሄድ የሚሆነውንም አውቃለሁ። ሰሌን ያነጥፉልኛል፣ ውሃ ያመጡልኛል፣ ይቅር ይሉኝ እንደሆነ ስጠይቃቸው አልሐምዱሊላህ ይሉኛል። ይቅር ብለውኝ ይሆን? ወይስ ያን ጊዜ ጥማቱን እንደሸፈኑልኝ ሐዘናቸውን ይሸፍኑልኝ ይሆን? ድሮ ይህን ቃል ሰምቼ ከሥሩ ያለውን የማውቅ ሰው ነበርኩ። እኔው ራሴ አንድ ብዬ ከበብኩት፤ አሁን ቢነገረኝም አይከፈትልኝም።

ዛሬ ጠዋት ጎረቤቴ በአጥር ላይ አንገቱን አውጥቶ እንዴት አደርክ አለኝ። «እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩት። ሁለተኛ አልጠየቀኝም።